የዳታቤዝ ኢንዴክስ ስያሜ

የዳታቤዝ ኢንዴክስ ስያሜ ማለት በዳታቤዝ ውስጥ መረጃን ቶሎ ለማግኘት ለሚሠራ ኢንዴክስ ስም የሚሰጥበት፣ ሲያስፈልግም ስሙ የሚቀየርበት አሠራር ነው። ኢንዴክስ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደሚገኝ የስሞች መጠቁም ነው፤ ፈላጊው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ የሚፈልገው ቃል ያለበትን ገጽ ያሳየዋል። የኢንዴክሱ ስም ራሱ ፍለጋውን አያፈጥንም፣ አያዘገይምም። ይሁን እንጂ ዳታቤዙን የሚጠብቁ ሰዎች የትኛው ኢንዴክስ የየትኛው ሰንጠረዥ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚያስፈልግና የትኛው መሰረዝ እንዳለበት የሚለዩት በአብዛኛው በስሙ ነው። ስሙ አሻሚ የሆነ ኢንዴክስ በስህተት ሊሰረዝ፣ በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ሊሠራ፣ ወይም ተሠርቷል ተብሎ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል።

የግዕዝ ፊደል ለሚጠቀሙና የኢትዮጵያን የቦታ ስሞች ለሚይዙ ዳታቤዞች ጉዳዩ ሦስት ተጨማሪ ገጽታዎች አሉት። አንደኛ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ከአንድ የላቲን ፊደል የበለጠ ቦታ ይይዛል። ሁለተኛ፣ በአማርኛ አንድን ቃል በተለያዩ ሞክሼ ፊደላት መጻፍ ይቻላል። ሦስተኛ፣ የወረዳ፣ የዞንና የክልል ስሞችና ወሰኖች በየጊዜው ይለወጣሉ። በጉራጌ ዞን የሚገኘው ቸሃ ወረዳና በአካባቢው ያሉት ከተሞች ለሦስቱም ምሳሌ ይሆናሉ።

ዳራ

የዝምድና ዳታቤዝ ሐሳብ በኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ቀረበ። ኮድ በዚያ ጽሑፍ ካነሣቸው ችግሮች አንዱ የኢንዴክስ ጥገኝነት ነበር። በዘመኑ በነበሩ አንዳንድ ስርዓቶች ፕሮግራሞች ኢንዴክሱን በስሙ እየጠሩ ይጠቀሙ ስለነበር ኢንዴክሱ ሲሰረዝ ፕሮግራሙም ይቆም ነበር። ኮድ ኢንዴክስ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ እንዲሆን፣ ፕሮግራሞችም መኖር አለመኖሩን ማወቅ እንዳያስፈልጋቸው ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዘመን ሩዶልፍ ባየር እና ኤድዋርድ ማክራይት በቦይንግ ኩባንያ ሲሠሩ ቢ-ትሪ የተባለውን አወቃቀር ፈጠሩ፤ ጽሑፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። ዛሬ በብዙ ዳታቤዞች ውስጥ ያሉ ኢንዴክሶች የሚሠሩት በዚህ አወቃቀር ወይም በዝርያዎቹ ነው።

የኤስኪውኤል ቋንቋ ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ ኢንዴክስ ምንም አይደነግግም። ስለዚህ ኢንዴክስ እንዴት እንደሚሰየም፣ ስሙ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችልና በምን ትእዛዝ እንደሚቀየር እያንዳንዱ የዳታቤዝ ስርዓት በራሱ መንገድ ወስኗል። ከአንዱ ስርዓት ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ ይህ ልዩነት ነው።

ስሙ የሚታይባቸው ቦታዎች

ተራ የፍለጋ ጥያቄ የኢንዴክስ ስም አይጠራም፤ የትኛውን ኢንዴክስ መጠቀም እንደሚሻል የሚወስነው ስርዓቱ ነው። ስሙ የሚታየው በሚከተሉት ቦታዎች ነው።

በስህተት መልእክት፦ ልዩ መሆን ያለበት ዋጋ ሁለት ጊዜ ሲገባ ስርዓቱ የተጣሰውን ኢንዴክስ ወይም ገደብ ስም ይጠቅሳል። «ነዋሪ_ስልክ_ልዩ» የሚል ስም ያየ ሰው የስልክ ቁጥር መደገሙን ወዲያው ይረዳል። «ኢንዴክስ_7» የሚል ስም ያየ ሰው ግን ሌላ ፍለጋ ውስጥ ይገባል።

በአፈጻጸም ዕቅድ፦ «ኤክስፕሌይን» የሚባለው ትእዛዝ አንድ ጥያቄ የትኞቹን ኢንዴክሶች እንደሚጠቀም በስማቸው ይዘረዝራል።

በአጠቃቀም ቆጠራ፦ ፖስትግሬስኪውኤል እያንዳንዱ ኢንዴክስ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ይቆጥራል። ምንም ያልተነኩ ኢንዴክሶች ለመሰረዝ ይታጫሉ፤ ውሳኔው የሚሰጠው ዝርዝሩን በሚያነብ ሰው ነው።

በሂንት፦ ማይኤስኪውኤልና ኦራክል አንድ ጥያቄ የተወሰነ ኢንዴክስ እንዲጠቀም በስም ማዘዝ ያስችላሉ። ይህ ኮድ ሊያስቀረው የፈለገው ጥገኝነት ተመልሶ የሚገባበት በር ነው።

በማይግሬሽን ፋይል፦ የዳታቤዙን ለውጦች በቅደም ተከተል የሚይዙ ፋይሎች ኢንዴክስን የሚሠሩትም የሚሰርዙትም በስሙ ነው።

የስም ክልልና የርዝመት ገደብ

አንድ ስም መደገም የማይችልበት ክልል በየስርዓቱ ይለያል። በማይኤስኪውኤልና በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር የኢንዴክስ ስም ልዩ መሆን ያለበት በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የነዋሪ ሰንጠረዥም የጤና ጣቢያ ሰንጠረዥም እያንዳንዳቸው «ስም_ኢንዴክስ» የሚባል ኢንዴክስ ሊኖራቸው ይችላል። በፖስትግሬስኪውኤል ግን ስሙ በአንድ ስኪማ ውስጥ አይደገምም፤ ከሰንጠረዥ ስም ጋርም መመሳሰል አይችልም። በኤስኪውላይትም ኢንዴክስና ሰንጠረዥ አንድ ዓይነት ስም ሊኖራቸው አይችልም። ኦራክል የኢንዴክስን ስም ከሰንጠረዥ ስም ለይቶ ስለሚይዝ ሁለቱ መመሳሰል ይችላሉ፤ ሁለት ኢንዴክሶች ግን በአንድ ስኪማ ውስጥ አንድ ስም አይኖራቸውም። በዚህ ምክንያት በማይኤስኪውኤል ያለ ችግር ይሠራ የነበረ ዳታቤዝ ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ሲዛወር በስም መጋጨት ሊቆም ይችላል። የሰንጠረዡን ስም በኢንዴክሱ ስም ውስጥ ማስገባት ይህን ያስቀራል።

የርዝመት ገደቡም እንዲሁ ይለያያል። ፖስትግሬስኪውኤል እስከ 63 ባይት፣ ማይኤስኪውኤል እስከ 64 ፊደል፣ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር እስከ 128 ፊደል ይቀበላሉ። ኦራክል እስከ 12.1 ስሪት ድረስ 30 ባይት ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ ከ12.2 ጀምሮ 128 ባይት ሆኗል። ጃንጎ የተባለው የፓይተን ማዕቀፍ የኢንዴክስን ስም በ30 ፊደል የሚወስነው ከድሮው የኦራክል ገደብ ጋር ለመስማማት ነው። በባይትና በፊደል መካከል ያለው ልዩነት ለላቲን ጽሑፍ ብዙም ባይታወቅም ለግዕዝ ጽሑፍ ግን ወሳኝ ነው።

ስርዓቱ ራሱ የሚሰጠው ስም

ሠሪው ስም ካልሰጠ ስርዓቱ ራሱ ይሰይማል። ፖስትግሬስኪውኤል የሰንጠረዡንና የዓምዱን ስም በሰረዝ አያይዞ መጨረሻው ላይ «አይዲኤክስ» የሚሉ 3 የላቲን ፊደላት ይጨምራል፤ ለቀዳሚ ቁልፍ «ፒኬይ»፣ ለልዩ ገደብ ደግሞ «ኬይ» የሚል መድረሻ ያደርጋል። ስሙ ቀድሞ ከተያዘ ቁጥር ይጨምርበታል። ማይኤስኪውኤል የመጀመሪያውን ዓምድ ስም እንዳለ ይወስዳል፤ ከተያዘ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይጨምራል፤ ቀዳሚ ቁልፉን ደግሞ ሁልጊዜ «ፕራይመሪ» ይለዋል። ኦራክልና ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ለቀዳሚ ቁልፍ በራሳቸው የሚሰጡት ስም በስርዓቱ የመነጨ ቁጥር ወይም የተደበላለቀ ምልክት አለበት።

እንዲህ ያለው በቁጥር የታጀበ ስም የሚያስከትለው ችግር በአንድ ዳታቤዝ ላይ አይታይም። አንድ ድርጅት ለሙከራ አንድ፣ ለእውነተኛ ሥራ ሌላ ዳታቤዝ ሲኖረው ግን ያው ቀዳሚ ቁልፍ በሁለቱ ላይ የተለያየ ስም ይይዛል። በሙከራው ላይ የሠራ «ይህን ኢንዴክስ ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ በእውነተኛው ላይ አይሠራም፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ሌላ ኢንዴክስ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ቡድኖች ስሙን ራሳቸው በግልጽ መስጠትን ይመርጣሉ።

የተለመደ የስያሜ ደንብ

በሥራ ላይ የሚውሉት ደንቦች ብዙ ቢሆኑም የጋራ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሰንጠረዡ፣ ቀጥሎ ዓምዶቹ በቅደም ተከተላቸው፣ በመጨረሻ የኢንዴክሱ ዓይነት። ሩቢ ኦን ሬይልስና ላራቬል የተባሉት ማዕቀፎች በራሳቸው የሚያወጧቸው ስሞችም ከእነዚሁ ክፍሎች የተሠሩ ናቸው።

የዓምዶቹ ቅደም ተከተል በስሙ ውስጥ መታየት ያለበት ለውበት አይደለም። የኢትዮጵያ ስም በራስ ስም ጀምሮ የአባት ስም ይከተላል። «ነዋሪ_ስም_አባት» የሚባል ኢንዴክስ መዝገቡን መጀመሪያ በራስ ስም፣ ቀጥሎ በአባት ስም ደርድሮ ይይዛል። በራስ ስም ብቻ ወይም በራስና በአባት ስም ለሚፈልግ ሰው ያገለግላል። የአባት ስም ብቻ ይዞ ለሚፈልግ ሰው ግን እምብዛም አይረዳውም፤ የስልክ ማውጫ ይዞ የአባት ስም «ወልዴ» የሆኑትን ሁሉ ለማግኘት እንደመሞከር ነው። «ነዋሪ_አባት_ስም» ሌላ ኢንዴክስ ነው። ሁለቱም «ነዋሪ_ስም_ኢንዴክስ» ቢባሉ ልዩነታቸው በስሙ አይታወቅም፤ አንዱ ትርፍ መስሎ ሊሰረዝ ይችላል።

ከስሙ ውስጥ እንዲወጡ የሚመከሩ ነገሮችም አሉ። «አዲስ»፣ «ጊዜያዊ»፣ «የመጨረሻ» የሚሉ ቃላት ከጥቂት ወራት በኋላ ውሸት ይሆናሉ። የሠሪው ሰው ስም፣ ኢንዴክሱ የተሠራበት ቀንና ኢንዴክሱን ያስፈለገው ሪፖርት ርዕስ ስለ ኢንዴክሱ ይዘት ምንም አይናገሩም። የቦታ ስም ደግሞ ከዚህ በታች በተለየ ክፍል ተብራርቷል።

የግዕዝ ፊደል በኢንዴክስ ስም

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። ፖስትግሬስኪውኤል፣ ማይኤስኪውኤልና ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የሰንጠረዥ፣ የዓምድና የኢንዴክስ ስም ይቀበላሉ። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው አንድ ጥቅም አለው። ፖስትግሬስኪውኤል በጥቅስ ምልክት ያልታሰረን የላቲን ስም ወደ ትንሽ ፊደል፣ ኦራክል ደግሞ ወደ ትልቅ ፊደል ይለውጣሉ፤ ይህ የሚያስከትለው መምታታት በግዕዝ ስም ላይ የለም። ሌሎች ችግሮች ግን አሉ።

ርዝመት። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የተለመደ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የፖስትግሬስኪውኤል 63 ባይት ለግዕዝ 21 ፊደል ብቻ ነው። ከዚያ የረዘመውን ስም ስርዓቱ ማሳሰቢያ ሰጥቶ ይቆርጠዋል እንጂ አይከለክልም። ለምሳሌ «የጤና_ጣቢያ_ተገልጋዮች_መዝገብ_የትውልድ_ቀን» እና «የጤና_ጣቢያ_ተገልጋዮች_መዝገብ_የትውልድ_ቦታ» የሚሉ ሁለት ስሞች እያንዳንዳቸው 74 ባይት ናቸው። ሁለቱም ሲቆረጡ «የጤና_ጣቢያ_ተገልጋዮች_መዝገብ_የትው» ሆነው አንድ ይሆናሉ። ሁለተኛው ሲሠራ ስሙ ተይዟል የሚል ስህተት ይመጣል። ትእዛዙ «ከሌለ ብቻ ሥራ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለው ግን ስርዓቱ ስህተት ሳይል ያልፈዋል፤ የትውልድ ቦታ ኢንዴክስም ሳይሠራ ይቀራል። ይህ ቅድመ ሁኔታ የሚያጣራው ስሙን ብቻ ነው፤ በዚያ ስም ያለው ኢንዴክስ የተፈለገው መሆኑን አያይም።

ሞክሼ ፊደላት። በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንድ ድምፅ አላቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ፊደል ነው። «ቸሃ» የሚለው ስም ንባቡ ሳይለወጥ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስቱም ለዳታቤዙ ስድስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን የሚባለው ማስተካከያ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አያደርግም፤ የሚያስተካክለው አንድ ፊደል በተለያየ የቁጥር አጻጻፍ ሲገኝ ነው። ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ «ሕጻን_ስም» ብሎ የሠራውን ኢንዴክስ ሌላው «ህፃን_ስም» ብሎ ሲፈልግ አያገኘውም፤ ደግሞም ይሠራዋል። መፍትሔው በስም ላይ የሚገቡ ቃላትን አጻጻፍ አስቀድሞ በዝርዝር መወሰን ነው።

የጉራጌኛ ፊደላት። ቸሃ የሰባት ቤት ጉራጌ ከሚባሉት የንግግር ዓይነቶች አንዱ ነው። ጉራጌኛን በግዕዝ ለመጻፍ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ወደ ዩኒኮድ የገቡት በተለያየ ጊዜ ነው። የሰባት ቤት ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005 በስሪት 4.1 ገቡ። ሌሎች የጉራጌኛ ፊደላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በስሪት 14 «የግዕዝ ተቀጽላ ቢ» በሚባል ክፍል ተጨመሩ። ይህ የኋለኛው ክፍል የሚገኘው ከመጀመሪያዎቹ 65,536 የዩኒኮድ ቦታዎች ውጭ ስለሆነ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 4 ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል ከዚያ ክልል ውጭ ያለ ፊደልን በኢንዴክስ፣ በሰንጠረዥም ሆነ በዓምድ ስም ውስጥ፣ በጥቅስ ምልክት ቢታሰርም እንኳ አይቀበልም። በሰንጠረዡ ውስጥ እንደ መረጃ ለማስቀመጥም ባለ 4 ባይቱን የፊደል ስብስብ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ «ዩቲኤፍ8» ተብሎ ይጠራ የነበረው የማይኤስኪውኤል ስብስብ ከ3 ባይት በላይ አይዝም። በተግባር ይህ ማለት አንድ የጉራጌኛ መዝገበ ቃላት ዳታቤዝ ቃላቱን በሙሉ ፊደላቸው ሊይዝ ይችላል፤ የሰንጠረዦቹና የኢንዴክሶቹ ስም ግን በሁሉም ፊደላት ሊጻፍ አይችልም።

የቦታ ስም በኢንዴክስ ስም ውስጥ

ትልልቅ ሰንጠረዦች አንዳንድ ጊዜ በክልል፣ በዞን ወይም በወረዳ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ያኔ እያንዳንዱ ክፋይ የራሱ ኢንዴክሶች ስለሚኖሩት የቦታው ስም ወደ ኢንዴክሱ ስም ይገባል። በጉራጌ አካባቢ ይህ ሁለት ችግር ያመጣል።

የመጀመሪያው የአጻጻፍ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ «ወልቂጤ» ወይም «ወልቅጤ»፣ የቸሃ ወረዳ ዋና ከተማ «እምድብር» ወይም «እንድብር»፣ ሌላዋ ከተማ «ቡታጅራ» ወይም «ቡታጂራ» ተብለው ይጻፋሉ። ቸሃም በራሱ ቋንቋ ድምፅ «ቸኻ» ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ልዩነቱ ይጨምራል፤ የግዕዙን 1ኛ ድምፅ አንዳንዱ በ«ኢ»፣ አንዳንዱ በ«ኤ»፣ ሌላው በ«ኦ» የላቲን ፊደል ስለሚጽፈው የወልቂጤና የቸሃ ስሞች በየሰነዱ የተለያየ መልክ አላቸው።

ሁለተኛው የአስተዳደር ለውጥ ነው። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. ባደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ዞን ተለይቶ የራሱን ዞን አቋቋመ። ቀድሞ መስቃንና ማረቆ ይባል የነበረው ወረዳ መስቃን እና ማረቆ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጉራጌ ከደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ወጥቶ ወደ አዲሱ ክልል ገባ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ከዚያ በፊት «ነዋሪ_ደቡብ_ጉራጌ_ስም» ተብሎ የተሠራ ኢንዴክስ ቢኖር ይዘቱ ሳይነካ ስሙ ብቻ ሐሰት ይሆናል፤ ክልሉም ዞኑም ተለውጠዋልና።

ረጅም ዕድሜ ያላቸው መዝገቦች ይህን በጉልህ ያሳያሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ውስጥ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ሥራው ሲጀመር ቡታጅራ በሸዋ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ከዚያ በደቡብ ክልል በጉራጌ ዞን፣ አሁን ደግሞ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ትገኛለች። ሰዎቹና ቀበሌዎቹ ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ የበላይ አስተዳደራቸው ስም ሦስት ጊዜ የተለየ ነው። እንዲህ ላለ መዝገብ የቦታው ስም በኢንዴክስ ስም ውስጥ ሳይሆን በራሱ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ስሙ ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገለ ከሚገልጽ ቀን ጋር ቢቀመጥ ይሻላል። ክፋይ ሰንጠረዥና ኢንዴክሱ ደግሞ በማይለወጥ መለያ ቁጥር ይሰየማሉ። ቁጥሩ እንደ ስም አይነበብም፤ ነገር ግን አዋጅ ሲወጣ አይሻርም።

ስም መቀየር

በአብዛኞቹ ስርዓቶች የኢንዴክስ ስም መቀየር ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት አይደለም። ስርዓቱ በራሱ ማውጫ ውስጥ ያለውን አንድ ስም ይለውጣል፤ መረጃው አይነካም፤ ሥራውም በሚሊዮን የሚቆጠር ረድፍ ባለው ሰንጠረዥ ላይ እንኳ ወዲያው ያልቃል።

ፖስትግሬስኪውኤልና ኦራክል «አልተር ኢንዴክስ … ሪኔም ቱ …» የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀማሉ። በፖስትግሬስኪውኤል ከ12ኛው ስሪት በፊት ይህ ትእዛዝ ሌላውን ሥራ ሁሉ የሚያግድ ቁልፍ ይይዝ ነበር፤ ከ12 ጀምሮ ግን ማንበብንና መጻፍን አያግድም። ኢንዴክሱ የቀዳሚ ቁልፍ ወይም የልዩ ገደብ ከሆነ የገደቡ ስም አብሮ ይቀየራል።

ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ጀምሮ «አልተር ቴብል … ሪኔም ኢንዴክስ … ቱ …» የሚል ትእዛዝ አለው። ከዚያ በፊት ኢንዴክሱን ሰርዞ እንደገና መሥራት ግድ ነበር።

ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር «ኤስፒ_ሪኔም» የሚባል ፕሮሲጀር ይጠቀማል። የድሮው ስም ከሰንጠረዡ ስም ጋር በነጥብ ተያይዞ ይጻፋል፤ አዲሱ ስም ግን ብቻውን ነው። አዲሱንም ከሰንጠረዡ ስም ጋር የጻፈ ሰው ነጥቡ የስሙ አካል የሆነ ኢንዴክስ ያገኛል። አዲሱ ስም በግዕዝ ከሆነ ከጥቅሱ ፊት ዩኒኮድ መሆኑን የሚያመለክተው «ኤን» የላቲን ፊደል መቀመጥ አለበት፤ ከተረሳ የግዕዝ ፊደላቱ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ።

ኤስኪውላይት የኢንዴክስ ስም የሚቀይር ትእዛዝ የለውም። አዲሱ ኢንዴክስ በአዲስ ስም ይሠራና አሮጌው ይሰረዛል። ሞንጎዲቢም ስም አያስቀይርም፤ በዚያ ላይ አንድ ዓይነት ኢንዴክስ በሁለት ስም መኖሩን ስለማይፈቅድ አሮጌው መጀመሪያ መሰረዝ አለበት። አዲሱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ፍለጋዎች ስብስቡን ሙሉ በሙሉ ስለሚያነቡ ሥራው ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል።

የሰንጠረዥ ስም መቀየር የኢንዴክሶቹን ስም አይቀይርም። «ታካሚ» የነበረው ሰንጠረዥ «ተገልጋይ» ሲባል ኢንዴክሱ «ታካሚ_ካርድ_ቁጥር» እንደተባለ ይቀራል። ቆይቶ «ታካሚ» የሚባል ሌላ ሰንጠረዥ ከተሠራ የአዲሱ ሰንጠረዥ ኢንዴክስ ስሙን ተይዞ ያገኘዋል፤ ወይም በራሱ ቁጥር ይጨመርበታል። ያኔ «ታካሚ_ካርድ_ቁጥር» የሚለው ስም በሌላ ሰንጠረዥ ላይ ስላለ ኢንዴክስ ይናገራል።

የስም ለውጥ የሚያስከትለው ጉዳት

ስሙን የሚጠሩ ቦታዎች ካልታረሙ ጉዳቱ በየስርዓቱ የተለያየ ነው። በማይኤስኪውኤል በሂንት ውስጥ የተጠራ ኢንዴክስ ከሌለ ጥያቄው በስህተት ይቆማል። በኦራክል ግን ሂንቱ ዝም ተብሎ ይታለፋል፤ ጥያቄው መልሱን ይሰጣል፣ ነገር ግን በዝግታ ሊሆን ይችላል። የሚጮኸው ስህተት በቶሎ ይታረማል፤ ዝም የሚለው ግን ተጠቃሚዎች «ሲስተሙ ከበደ» እስኪሉ ድረስ አይታወቅም።

በፖስትግሬስኪውኤል አዲስ ረድፍ ሲገባ ከነባሩ ጋር ከተጋጨ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ ትእዛዝ ገደቡን በስሙ ሊጠራ ይችላል። ስሙ ከተቀየረ ትእዛዙ ይቆማል። ዓምዶቹን መጥራት ይህን ያስቀራል። የስህተት መልእክቱን አንብበው ለተጠቃሚው በአማርኛ የሚተረጉሙ ፕሮግራሞችም በስሙ ላይ የተመሠረቱ ከሆኑ «ይህ ስልክ ቁጥር ተመዝግቧል» በማለት ፈንታ ያልታወቀ ስህተት ያሳያሉ።

ሥራ ሳይቋረጥ የሚሠሩ ኢንዴክሶችም የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። በፖስትግሬስኪውኤል እንዲህ ያለ ሥራ መሐል ላይ ከተቋረጠ የማያገለግል ኢንዴክስ በስሙ ይቀራል፤ ለፍለጋ አይጠቅምም፣ መረጃ በገባ ቁጥር ግን መታደሱን ይቀጥላል። ትእዛዙ «ከሌለ ብቻ ሥራ» በሚል ቢደገም ስሙ ስላለ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ስም ከመቀየር ወይም ድጋሚ ከመሥራት በፊት ኢንዴክሱ የሚያገለግል መሆኑ ይጣራል።

የተለመደው የሥራ ቅደም ተከተል

1. የሁሉም ኢንዴክሶች ዝርዝር ከስርዓቱ ማውጫ ይወጣል፤ ስማቸው፣ ሰንጠረዣቸው፣ ዓምዶቻቸው በቅደም ተከተል፣ ልዩ መሆን አለመሆናቸው።
2. ስምና ይዘት የማይገጥሙት ይለያሉ። ይዘታቸው አንድ ሆኖ ስማቸው የተለያየውም ይለያሉ።
3. የድሮው ስም በፕሮግራሙ ኮድ፣ በማይግሬሽን ፋይሎች፣ በሂንቶችና በጥበቃ ስክሪፕቶች ውስጥ ይፈለጋል። በግዕዝ ከሆነ በሁሉም ሞክሼ ፊደላት መፈለግ አለበት።
4. ለውጡ በእጅ ሳይሆን በማይግሬሽን ፋይል ይጻፋል። ጃንጎ ከ4.1 ስሪት ጀምሮ፣ ሩቢ ኦን ሬይልስና ላራቬልም ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አላቸው። የድሮው ማይግሬሽን ፋይል አይታረምም፤ አዲስ ይጨመራል።
5. በሙከራ ዳታቤዝ ላይ ይሞከራል፤ የአፈጻጸም ዕቅዱ ከለውጡ በፊትና በኋላ አንድ መሆኑ ይታያል።
6. በእውነተኛው ዳታቤዝ ላይ ይፈጸማል፤ የድሮና የአዲስ ስሞች ዝርዝር ከመዝገቡ ሰነድ ጋር ይቀመጣል።

በሁለት ስም የተሠራ አንድ ኢንዴክስ

ግልጽ የስያሜ ደንብ በሌለበት ዳታቤዝ በብዛት የሚገኘው ጉድለት ይኸው ነው። ኦራክል አንድ የዓምዶች ዝርዝር ሁለት ጊዜ ኢንዴክስ እንዳይደረግበት በመደበኛው ይከለክላል። ማይኤስኪውኤል ፈቅዶ ማሳሰቢያ ይሰጣል። ፖስትግሬስኪውኤል ምንም ሳይል ይሠራዋል። ትርፉ ኢንዴክስ ፍለጋን አያፋጥንም፤ ነገር ግን አዲስ ረድፍ በገባ ቁጥር መጻፍ አለበት፣ በዲስክ ላይም ቦታ ይይዛል። ሁለቱ ኢንዴክሶች በአንድ ደንብ ቢሰየሙ ኖሮ ሁለተኛው ሲሠራ ስሙ ተይዞ ይገኝ ስለነበር ድግግሞሹ እዚያው ይታወቅ ነበር። የስያሜ ደንብ ከንባብ ምቾት ባሻገር የሚሰጠው ጥቅም ይህ ነው።

ስም መቀየር የማያስፈልግበት ጊዜ

የማያምር ስም ሁሉ መቀየር የለበትም። ስሙ ረጅም ወይም ከአዲሱ ደንብ ጋር የማይስማማ ቢሆንም ይዘቱን በትክክል ከገለጸ፣ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥም ከተጠራ፣ መቀየሩ ከጥቅሙ ይልቅ ድካሙ ሊበዛ ይችላል። ይዘቱን በሐሰት የሚገልጽ ስም ግን አጭርም ቢሆን ይቀየራል። በፖስትግሬስኪውኤልና በማይኤስኪውኤል ስሙን ሳይነኩ ለኢንዴክሱ ማብራሪያ መጻፍ ይቻላል፤ ርዝመቱም እንደ ስሙ በ21 የግዕዝ ፊደል ስለማይወሰን ኢንዴክሱ ለምን እንደተሠራና መቼ ሊሰረዝ እንደሚችል በሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመግለጽ ይበቃል።